ለዓይኗ ብለው

ሎሚ ሁለት ዓመት ሞልቷት ሦስተኛውን በጀመረች ሰሞን ግራ ዓይኗ ከቀኙ አነሰ። መጀመሪያ ያየችው እናቷ ዘርፉ ናት። ጠዋት ፊቷን ስታጥባት የግራው ሽፋን ዝቅ ብሎ፣ እንቅልፍ ያልለቀቀው ዓይን መስሎ አገኘችው። ይለቃታል ብላ ተወችው። በማግስቱም እንደዚያው ነበር፤ በሳምንቱም።

ጊዜው ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ወር ነው። አዳማ ያኔ ከባቡር ጣቢያው ብዙም አልራቀችም። ጥቂት የቆርቆሮ ቤት፣ ብዙ የሣር ቤት፣ የዓረቦችና የወሎ ነጋዴዎች ሱቅ፣ ከዚያ ወዲያ ግራርና አቧራ። ዘርፉ ባቡር ሲቆም ለመንገደኛ ዳቦና ቅቅል እንቁላል ትሸጣለች። ባሏ ወዬሳ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነው፤ ከአዳማ እስከ ወለንጪቲ ባለው ሃዲድ ላይ ከጓደኞቹ ጋር እየሄደ የላላ ብሎን ያጠብቃል፣ ጎርፍ የጠረገውን ጠጠር ይመልሳል። የወዬሳ አባት ጉተማም ከብታቸውን ለታናሽ ልጃቸው ትተው ከመቂ መጥተው አብረዋቸው ይኖራሉ። ከሎሚ በፊት የተወለዱት ሁለት ልጆች በኩፍኝ ሞተዋል።

ጉተማ የልጅቷን ዓይን ሲያዩ ብዙ አላሰቡም።

«ሰው አይቶብን ነው» አሉ። «ጣቢያ ለጣቢያ ይዘሻት ትዞሪያለሽ። ባቡሩ ውስጥ ማን እንዳለ ታውቂያለሽ?»

«አባባ፣ ማን ጋ ልተዋት ታዲያ?»

«እኔ ጋ።»

በወንጂ በኩል ያሉ አንዲት አዋቂ ተጠሩ። ቅጠል ጨምቀው ዓይኗ ውስጥ ጠብ አደረጉላት። ዓይኗ ቀልቶ አበጠ፤ ልጅቷ ስታለቅስ ዋለች። ዘርፉ በውሃ አጠበችውና ሁለተኛ አይደረግባትም አለች። እብጠቱ ሲጎድል ሽፋኑ እንደ ወረደ ነበር። ጠበልም ወሰደቻት። ካህኑ ጸሎት አደረሱላትና «ሐኪምም ፈልጊ ልጄ፣ እሱም የእግዜር ነው» አሏት።

ሞጆ ላይ መድኃኒት የሚሰጥ አንድ የውጭ አገር ሰው ነበር። በር ላይ የቆመው ሰው ብዙ ስለሆነ አንዱን በሽተኛ ቶሎ አይቶ ወደ ሌላው ያልፋል። የሎሚን ሽፋን ገልበጥ አድርጎ አየና «የዓይን ማዝ ነው» አለ፤ ቅባት ሰጣት። በእርግጥ በዚያ አገር ከልጅ ሁሉ የዓይን ማዝ የሌለበት ጥቂት ነው። ዘርፉ ቅባቱን እስኪያልቅ ቀባቻት። ዓይኗ ንጹሕ ሆነ፤ ሽፋኑ ግን አልተነሣም።

ሰኔ መግቢያ ላይ አንድ ቀን፣ ዝናብ ሊመጣ አየሩ ታፍኖ ሳለ፣ ሎሚ ከጎረቤታቸው ከነጋዴው ከሱሩር ሱቅ ፊት ለፊት ዶሮ ስታባርር ቆይታ እያለከለከች ወደ እናቷ መጣች። ዘርፉ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ልትጠርግላት ጎንበስ ስትል እጇ ቆመ። የልጅቷ ግንባር በቀኝ በኩል በላብ ርሷል፤ ጠብታው በጉንጯ ላይ ይወርዳል። በግራ በኩል ግን አንድም ጠብታ የለም። ድንበሩ በግንባሯ መካከል ወርዶ በአፍንጫዋ ላይ አልፎ አገጯ ድረስ ይታያል።

«ዘሃራ! እስቲ ነይ እዪልኝ» ብላ ተጣራች።

ዘሃራ የሱሩር ሚስት ናት፤ ከወሎ መጥታ አዳማ ከከተመች ቆይታለች፤ ከዘርፉ ጋር በአንድ ዓመት ነው የወለዱት። መጥታ በጣቷ የልጅቷን ጉንጮች ዳሰሰች።

«ይሄኛውን ጠርገሽው ነው?»

«አልነካሁትም።»

«ወላሂ፣ ደረቅ ነው።» ዘሃራ ደግማ ነካችው። «እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ለወዬሳ ንገሪው።»

ወዬሳ ማምሻውን ሲመጣ ነገረችው። ፀሐይ በአንድ ወገን መትታት ይሆናል አላት። እሑድ ግን ራሱ ሎሚን በትከሻው ተሸክሞ ወደ ሃዲዱ ወጣ፤ ሲመለሱ ልጅቷን አውርዶ ፊቷን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከኪሱ የስኳር ቁራጭ አውጥቶ ሰጣት። በግራ እጇ ልትይዘው ጣቶቿን ዘረጋች፤ ቁራጩ ወደቀ። አንሥቶ ሰጣት፤ እንደገና ወደቀ። በሦስተኛው ሎሚ ራሷ በቀኝ እጇ አንሥታ ወደ አፏ ከተተችው።

«ይሄ መቼ ጀመራት?» አለ ወዬሳ።

ዘርፉ አላወቀችም። አሁን ስታስበው ሎሚ ዳቦ በቀኝ እጇ ብቻ ስትቀበላት ከርማለች፤ ልጅ የለመደውን እጅ ያበዛል ብላ ነው ዝም ያለችው።

«ዓይኗ፣ ፊቷ፣ እጇ» አለች። «ሁሉም በግራ ነው። የዓይን ማዝ እጅ አይዝም፣ ወዬሳ። አዲስ አበባ እንውሰዳት።»

ጉተማ ከተቀመጡበት ሆነው ይሰሙ ነበር። «ሐኪም ቤት የሚገባው በእግሩ ነው፤ የሚወጣው በቃሬዛ» አሉ። «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ነይ ወደ እኔ» ብለው ሎሚን ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። ወዬሳ አባቱን ተከራክሯቸው አያውቅም። ያን ቀንም አልተከራከረም፤ ግን በነጋታው ከአለቃው ፈቃድ ጠየቀ።

አዲስ አበባ ዳር ላይ ወዳለ ሐኪም ቤት ሄዱ። ሐኪሙ ቀጭን ሽበታም ፈረንጅ ነው፤ አገሩ ቀዝቃዛ መሆኑን እንጂ ስሙን ዘርፉ አልያዘችውም። አስተርጓሚው ወለጋ ያደገ መርዳሳ የሚባል ሰው ነበር፤ ለወዬሳ በኦሮምኛ፣ ለዘርፉ በአማርኛ ይናገራል። ሐኪሙ ልጅቷን ከመንካቱ በፊት እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከቶ አሞቃቸው። ሎሚ ይህን አይታ ሳቀች፤ እሷም እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከተተች።

የመስኮቱን መዝጊያ ዘግቶ ፋኖስ አስመጣና ዓይኖቿን አየ። ቀኙ በጨለማው ውስጥ ጥቁሩ ተለጥጦ ሰፍቷል፤ የግራው ጥቁር ግን እንደ ጤፍ ፍሬ አንሶ ቀርቷል። ሐኪሙ መስኮቱን ከፈተ።

«ሌላ ያያችሁት ነገር አለ? ምንም ይሁን» ብሎ በመርዳሳ አፍ ጠየቀ።

ወዬሳ ስለ እጇ ነገረው። ዘርፉ አመነታች። ሞጆ ላይ ብዙ መናገር ጀምራ ሰውዬው በእጁ እለፊ ብሏት ነበር።

«ግማሽ ፊቷ አያልበውም» አለች።

መርዳሳ በደንብ የሰማ አልመሰለውም። «ምን አልሽኝ እህቴ?»

«ስትሮጥ በቀኝ በኩል ያልባታል። በግራ በኩል አያልባትም። ከዚህ እስከዚህ» ብላ በገዛ ፊቷ ላይ በጣቷ አሳየችው።

መርዳሳ ተረጎመ። ሐኪሙ የያዘውን ፋኖስ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ሌላ ጥያቄ ጠየቀ፤ ከዚያ ሌላ። ብርድ ልብስ አስመጥቶ ሎሚን ጠቀለላትና ምድጃው አጠገብ እናቷ እንድታቅፋት አደረገ። ልጅቷ ተበሳጭታ ታለቅስ ጀመር። ፊቷ ሲሞቅ ላቡ መጣ፤ በአንድ ወገን ብቻ። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ፤ የፈራው ነገር እንደ ተረጋገጠለት ሰው ነበር እንጂ ደስ እንዳለው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ዓይኗን ተወው። አንገቷን መዳሰስ ጀመረ፤ ከጆሮዋ ሥር ወረደ፣ ከአንገቷ ግርጌ ካለው የትከሻ አጥንት ደረሰ፣ ከአጥንቱ ጀርባ ጣቱን ቀስ አድርጎ አስገባ። እዚያ ቆየ። የዘርፉን ጣት ይዞ በራሱ ጣት ቦታ አኖረው። ከሥጋዋ ሥር ጠንካራ ነገር አለ፤ የእርግብ እንቁላል ያህላል፤ ሲገፉት አይሸሽም። ዘርፉ ያንን አንገት በየቀኑ ታጥበዋለች። ጥልቅ ስለሆነ እጇ አልደረሰበትም ነበር።

ሐኪሙ ረጅም ተናገረ። መርዳሳ ሰምቶ ሲጨርስ ወደ ወዬሳ ዞረ።

«አንተ የባቡር ሠራተኛ ነህ። ከሃዲዱ ጋር የሚሄደውን የስልክ ሽቦ ታውቀዋለህ። ወለንጪቲ ላይ ዛፍ ቢወድቅበት አዳማ ያለው ስልክ ዝም ይላል። ስልኩን ፈትተህ ብታየው ምንም አታገኝበትም። ዓይኗ ደኅና ነው፤ ቆዳዋም ደኅና ነው። ሽፋኑን የሚያነሣው፣ ላቡን የሚያመጣው ጅማት በአንገቷ በኩል ነው የሚያልፈው። ዛፉ የወደቀው እዚያ ነው። የእጇም ጅማት በአጠገቡ ያልፋል።»

«ዛፉስ ምንድን ነው?» አለ ወዬሳ።

መርዳሳ ቃል ፈለገ። «ነቀርሳ ነው። ከጅማቱ ከራሱ የሚበቅል፣ ሕፃናትን የሚይዝ።»

«ቢተውስ?»

«ያድጋል። ትንፋሿን ሊዘጋ ይችላል። ወደ አከርካሪዋ ከገባ እግሯን ያስራታል። ከዚያ ወዲያ ሐኪሙ የሚያደርገው ነገር የለም።»

«ቢቆረጥስ?»

«ልትድን ትችላለች። ሲቆረጥም ልትሞት ትችላለች፤ ቦታው ክፉ ነው። ይህን አልደብቃችሁም ብሏል።»

«ዓይኗስ?» አለች ዘርፉ።

መርዳሳ መጠየቅ አላስፈለገውም። «ዓይኗ እንዲሁ ይቀራል። ጅማቱ ተበልቷል። ቢቆረጥም ባይቆረጥም አይነሣም።»

ወዬሳ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ቆመ። ዘርፉ ሎሚን አዝላ ተከተለችው።

«ለዓይኗ ብለን መጣን» አለ። «ዓይኗን አላድንም ይላል። ያልጠየቅነውን አንገቷን ልክፈት ይላል። አባቴን ምን እለዋለሁ? ዓይኗን አሳያለሁ ብለህ ሄደህ አሳርደሃት መጣህ ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?»

«እሱን አሁን ተወው።»

«እንዴት እተወዋለሁ?»

«ስማኝ ወዬሳ። ሁለት ልጅ ቀብረናል። ያኔ የሚደረግ ነገር አለ ያለን ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ አለቀስንና ዝም አልን። አሁን የሚደረግ ነገር አለ ተብለናል። ትተን ሄደን ብትሞት እኔ ፊትህን ማየት የምችል አይመስለኝም። የራሴንም። እዚህ ብትሞት ግን አብረን እናለቅሳለን።»

ወዬሳ ዛፉን በእጁ ተደግፎ ቆየ። ሎሚ ከእናቷ ጀርባ ላይ እጇን ዘርግታ ቆቡን ጎተተችው። አውልቆ ሰጣት፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ተመለሰና ለመርዳሳ «ይቁረጥ በለው» አለው።

በማግስቱ ጠዋት መድኃኒት አሽትተው አስተኟት። ዘርፉ በሩ እስኪዘጋ ቆማ ነበር፤ ከዚያ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለች። ወዬሳ ግቢውን እየዞረ ከመንገዱ ላይ ጠጠር ይለቅማል፤ ዳር ላይ ይከምራል፤ ሲጨርስ መልሶ ይበትነዋል። አንዲት የሐኪም ቤቱ ሴት ዳቦ ሰጠቻቸው። አልበሉትም። ቀትር ሲቃረብ መርዳሳ ወጣ። ሁለቱም ተነሥተው ወደ እሱ ሄዱ።

«አለች» አላቸው። «ትተነፍሳለች።»

ሐኪሙ ማታውኑ ራሱ መጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ፊቱ ላይ ድካም ነበር። እጢውን እንዳወጣው ነገራቸው፤ ግን ሁሉን አይደለም።

«ሥሩ ቀርቷል ማለት ነው?» አለ ወዬሳ።

«ጥቂት ቀርቷል። የያዘው ትልቁን የደም ሥር ነው። ብጎትተው እዚያው ታልቅ ነበር።»

«ታዲያ ተመልሶ ይበቅላል።»

ሐኪሙ ሲመልስ መርዳሳ ቃል በቃል እየመዘነ ተረጎመው። «ሊበቅል ይችላል። በትንንሽ ልጆች ላይ ግን ይህ በሽታ አንዳንዴ በገዛ ራሱ ይሰክናል፤ ክፋቱ ይተወዋል። ለምን እንደሆነ አላውቅም። አንድ ሁለት እንዲህ ያለ ነገር ተጽፎ አንብቤያለሁ። ተስፋ ልሸጥላችሁ አልፈልግም፤ ተስፋ የለም ብልም እዋሻለሁ።» ከዚያ ምን መጠበቅ እንዳለባቸው ነገራቸው። አንገቷን እንዲዳስሱ፤ ሆዷ ቢጠጥር፣ ስትሄድ ብትንገዳገድ፣ ሳትመታ በዓይኖቿ ዙሪያ ቢጠቁር፣ ያለ ምክንያት አጥንቷን ቢያማት በመጀመሪያው ባቡር እንዲያመጧት። ዘርፉ ሁሉንም እንድትደግምለት አደረጋትና ደገመችለት።

ሎሚ ስትነቃ አለቀሰች፤ ልቅሶዋ ግን እንደ በፊቱ አልነበረም። ድምፅዋ ሻክሮ እንደ ሽማግሌ ጎርናና ሆኗል። በክረምቱ ውስጥ ትንሽ ተሻለው እንጂ ፈጽሞ አልተመለሰም።

አዳማ ሲገቡ ጉተማ በር ላይ ነበሩ። የልጅቷን አንገት፣ ከዚያ ዓይኗን አዩ። ልጃቸውን ሰላም አላሉትም። ሎሚን አቀፏትና በጎርናና ድምፅዋ ስለ ባቡሩ ስታወራላቸው ሰሙ። ወዬሳ ወደ ሥራው ሲሄድ ጠብቀው ዘርፉን ጠሯት።

«ዓይኗ አልዳነም።»

«አልዳነም አባባ።»

«ታዲያ ምኗን ነው ያዳኑት?»

«እሷን ነው እንጂ አባባ። ይኸው እየተናገረች።»

ጉተማ ወዬሳን እስከ መስቀል ድረስ በቅጡ አላናገሩትም። ያናገሩትም ሎሚ በግራ እጇ ዋንጫ አንሥታ ውሃ ባቀበለቻቸው ቀን ነው። ውሃው ግማሹ ፈሷል፤ እሳቸው ግን የቀረውን ጠጥተው «ወዬሳ፣ ና እይ» ብለው ተጣሩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ዘርፉን ያደከማት ነው። ሎሚን ፀጉር ስትሠራት፣ ስታጥባት፣ ስታስተኛት ጣቷ ሳታዘው ወደ አንገቷ ይሄዳል። ልጅቷ ተሰናክላ ብትወድቅ እግሯ ነው ብላ ትደነግጣለች። አንድ ጊዜ ከአገጯ ሥር እብጠት አገኘችና ዳቦዋን እንዳለ ለዘሃራ ጥላላት ሎሚን ይዛ ባቡር ተሳፈረች። ሐኪሙ አፏን አስከፍቶ የበሰበሰ ጥርስ አሳያት። ንፍፊት ነበር። ዘርፉ ከድንጋጤዋ ሳትወጣ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞረና ሐኪሙ እስኪያልቅላት ጠበቃት።

ዘሃራም ነገሩን ላገኘችው ሁሉ ትናገር ነበር። ከወለንጪቲ አንዲት ሴት ሽፋኑ የወረደ ልጅ ይዛ መጥታ ወደ አዲስ አበባ ላከቻት። የዚያ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ የነበረ ነው፤ ምንም ክፉ የለበትም ብለው መለሱት። ዘሃራ አፈረች። ሴትዮዋ ግን እንቅልፍ ስላገኘች ቅቤ ይዛላት መጣች።

በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ሎሚን ለሐኪሙ ያሳዩዋታል። በመጀመሪያው ዓመት የቀረችው ቁራጭ ከጣት በታች ትሰማ ነበር። በሁለተኛውም ነበረች፤ አልጨመረችም። በኋላ ሐኪሙ ቢፈልጋት አጣት። በሃያ ስድስት ዓመተ ምሕረት ሲሄዱ እቃው በሳጥን ታስሮ አገኙት፤ ወደ አገሩ ሊመለስ ነው። እጆቹን ብብቱ ውስጥ አሙቆ አንገቷን፣ ሆዷን፣ እግሯን አየ። አስሮጣት። በሁለት እጇ ጣቶቹን እንድትጨብጥ አደረጋት፤ ግራው አሁንም ይደክማል።

«ከእንግዲህ አትምጡ» አለ። «ቢያማት እንደ ማንኛውም ልጅ ታመጧታላችሁ። ለዚህ ግን አትምጡ።»

ወዬሳ የሐኪሙን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ዘርፉ ዝቅ ብላ ጉልበቱን ልትስም ስትል ያዛት።

ባቡሩ ከለገሃር ሲነሣ ሎሚ በመስኮት በኩል ተቀምጣ ነበር። ሰባት ዓመቷ ነው። ግራ ዓይኗ እንደ ወረደ ቀርቷል፤ የሰፈር ልጆች ይሰድቧታል፤ እሷም አትምራቸውም፤ በዚያ በጎርናና ድምፅዋ የምትመልስላቸው ስድብ ለእናቷ የሚነገር አይደለም። ሞጆ እስኪደርሱ ድረስ ደህና ነበረች። እዚያ ላይ አባቷ ለአጠገቡ መንገደኛ «ከእንግዲህ አንመለስም፤ ጨርሰናል» ሲል ሰማች።

«የት ነው የማንመለሰው?»

«ሐኪሙ ጋ። ድነሻል እኮ።»

«ባቡር አልሳፈርም ማለት ነው?»

ዘርፉና ወዬሳ ተያዩ። ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። መንገደኛው ምን ሆና ነው ብሎ ጠየቀ፤ ዘርፉ ልትመልስለት አልቻለችም፤ ሳቅ ይዟታል።

«እሺ፣ እሺ» አለ ወዬሳ። «ለፋሲካ ቢሾፍቱ እወስድሻለሁ። ሐይቁን ታያለሽ።»

ሎሚ ጣቶቿን ከፈት አድርጋ አየችው። «በባቡር?»

«በባቡር።»

«አያቴም ይመጣል?»

«እሱን ራስሽ ጠይቂው» አለ ወዬሳ።